አነስተኛ ውሾችን የሚያራባ ሰው ኃላፊነት የሚሰማው መሆኑን በምን እንለይ?

ጥያቄ፦ የሲልቨር ስፕሪንግ ነዋሪ

ጤና ይስጥልኝ። ለቤተሰባችን የዮርክሻየር ቴሪየር ቡችላ ለመግዛት አስበን ስናፈላልግ በፔንሲልቬንያ ገጠር የምትኖር አንዲት አርቢ በድረ ገጽ አግኝተናል። አነስተኛ ዝርያ የመረጥነው እናቴ ቀኑን ሙሉ ቤት ስለምትውል ትልቅ ውሻ ገፍቶ እንዳይጥላት በመስጋት ነው። «ውሻ እቤት አይገባም» የምትለው እናቴ አሁን የቡችሎቹን ፎቶ ከስልኬ ላይ ደጋግማ እያስከፈተች ታያለች።

አርቢዋ ቡችላው በአሜሪካ ኬኔል ክለብ የሚመዘገብ መሆኑን፣ በሐኪም ታይቶ ጤነኛ ነው የሚል ወረቀት እንዳለው፣ ከፌዴራሉ የግብርና መሥሪያ ቤት ፈቃድ እንዳላትና የአንድ ዓመት የጤና ዋስትና እንደምትሰጥ ነግራናለች። ከዮርክሻየር ሌላ ማልቲዝና ፖሜራኒያንም ታራባለች። ለቡችላው የጠየቀችው 2,800 ዶላር ሲሆን፣ «ቲካፕ» ብላ ለምትጠራቸው በጣም ጥቃቅኖቹ 4,000 ዶላር ትላለች። የማይመለስ 500 ዶላር ቀብድ ዜል በተባለው የስልክ ገንዘብ መላኪያ እንድንልክ ጠይቃናለች። ቡችሎቹን በሽታ እንዳይዛቸው ስትል ማንንም ሰው ወደ ቤቷ እንደማታስገባና በግማሽ መንገድ ላይ ባለ የነዳጅ ማደያ ተገናኝታ እንደምታስረክበን ነግራናለች።

በስልክ ስናነጋግራት ትሑትና ታጋሽ ሰው ናት። ከነዚህ ነገሮች ውስጥ የትኛው መልካም ምልክት፣ የትኛው መጥፎ ምልክት እንደሆነ መለየት ስላልቻልኩ ልምድ ያላችሁ እንድታስረዱኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

መልስ፦ የእንስሳት ክሊኒክ ባለሙያ፣ ከአሌክሳንድሪያ

ውድ ጠያቂ፣ ከዘረዘሯቸው ነገሮች አብዛኞቹ አርቢዋ ጥሩ ወይም መጥፎ መሆኗን አይናገሩም። የስልክ ትሕትናም ቢሆን ሻጭ ሁሉ ያለው ነገር ነው። እኔ የምመክርዎት አርቢዋ ከምትነግርዎት ውስጥ የትኛውን ያለ እርሷ ምስክርነት ራስዎ ማረጋገጥ እንደሚችሉ እንዲለዩ ነው።

የአሜሪካ ኬኔል ክለብ ምዝገባ የሚመሰክረው ቡችላው በመዝገብ ከሚታወቁ የአንድ ዝርያ ወላጆች መወለዱን ብቻ ነው፤ ስለ ጤናውም ሆነ ስላደገበት ቤት የሚለው ነገር የለም። የፌዴራሉ ፈቃድ እ.ኤ.አ. በ1966 በወጣው የእንስሳት ደኅንነት ሕግ መሠረት የሚሰጥ ሲሆን፣ በዋናነት የሚመለከተው ለመራቢያ የሚሆኑ ከአራት የበለጡ እንስት ውሾች ኖሯቸው ገዢው እንስሳውን በዐይኑ ሳያይ የሚሸጡትን ነው። ስለዚህ ፈቃድ ያላት መሆኑ የሥራዋን ስፋት እንጂ ጥራቱን አያሳይም። ሕጉ የሚያስቀምጠው መስፈርትም ዝቅተኛው ነው። ለምሳሌ ውሻው የሚውልበት ሳጥን ከራሱ በላይ 6 ኢንች ያህል ከፍታ ካለው በቂ ነው ይላል። የምርመራ ሪፖርቶቹ ግን ለሕዝብ ክፍት ስለሆኑ በፈቃድ ቁጥሯ ፈልገው ያንብቧቸው። ፔንሲልቬንያ ደግሞ በዓመት 26 እና ከዚያ በላይ ውሾች የሚይዝ ወይም የሚያስተላልፍ ሰው የግዛቱን ፈቃድ እንዲያወጣ ታስገድዳለች፤ የተቆጣጣሪዎቹም ሪፖርት በድረ ገጽ ይገኛል።

ሰው ሁሉ የሚደናገርበት ዋናው ነገር «በሐኪም ታይቷል» የሚለው ነው። ሐኪሙ የስምንት ሳምንት ቡችላ ሲመረምር የሚያየው በዚያች ዕለት ትኩሳት፣ ሳል፣ እትብት ላይ የወጣ እብጠት፣ የጆሮ ተባይ ወይም በልብ ላይ ያልተለመደ ድምፅ መኖር አለመኖሩን ነው። አነስተኛ ዝርያዎችን የሚያሠቃዩት የዘር ችግሮች በአብዛኛው በዚያ ዕድሜ አይታዩም። ስለዚህ የሚመረመሩት ወላጆቹ ናቸው። ቡችላው ጤነኛ ነው የሚል ወረቀት እናቱና አባቱ ተመርምረዋል ከሚል ወረቀት ጋር አንድ አይደለም። ይህን ልዩነት ሲጠይቋት የምትደናገር ወይም «ውሾቼ አንድም ቀን ታመው አያውቁም» ብላ የምታልፍ አርቢ ምርመራውን አላሠራችም ማለት ነው።

በዮርክሻየር ላይ በመጀመሪያ የምንፈትሸው የጉልበት ሎሚን ነው። ሎሚው ከቦይው ወጥቶ ወደ ውስጠኛው ጎን የመንሸራተት ችግር በአነስተኛ ውሾች ዘንድ እጅግ የተለመደ ነው። ውሻው እየሮጠ ሳለ በድንገት አንድ የኋላ እግሩን አንሥቶ ሁለት ሦስት እርምጃ ያነክስና ምንም እንዳልሆነ ሁሉ መሮጡን ይቀጥላል፤ ባለቤቶች ጨዋታ ይመስላቸዋል። ሐኪም እግሩን ዘርግቶና አጥፎ በጣቱ እየገፋ በመፈተሽ ከአንደኛ እስከ አራተኛ ደረጃ ይሰጠዋል። አንደኛው ሎሚው ሲገፉት ወጥቶ ወዲያው የሚመለስበት፣ አራተኛው ደግሞ ጭራሽ ከቦታው ወጥቶ የሚቀርበት ነው። ምርመራው ኤክስሬይም ማደንዘዣም አይፈልግም፤ ዋጋውም ቀላል ነው። ይህንን እንኳ ያላሠራች አርቢ ለሌላው ትጨነቃለች ብዬ አልገምትም።

ውጤቱ የሚመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1966 በተቋቋመውና በምሕፃሩ ኦ ኤፍ ኤ በሚባለው የእንስሳት አጥንት ድርጅት መዝገብ ውስጥ ነው። መዝገቡን ማንም በነፃ ማየት ይችላል። አርቢዋን የእናቲቱንና የአባቱን ሙሉ የምዝገባ ስም ወይም ቁጥር ይጠይቁና ራስዎ ያስገቡት። በሚወጣው የማረጋገጫ ቁጥር ውስጥ ውሻው ሲመረመር የነበረው ዕድሜ በወራት፣ ጾታውም በፊደል ይታያል። የጉልበት ማረጋገጫ ከ12 ወር በታች ለሆነ ውሻ አይሰጥም። በቁጥሩ መጨረሻ «ቪ ፒ አይ» የሚል ካለ መርማሪው ከቆዳው ሥር የተቀበረውን መለያ (ማይክሮቺፕ) ወይም ንቅሳቱን አንብቦ የውሻውን ማንነት አረጋግጧል ማለት ነው። «ኖ ፒ አይ» ከሆነ ግን የተመረመረው ያው ውሻ ስለመሆኑ ያለዎት ማስረጃ የባለቤቱ ቃል ብቻ ነው። አንድ ነገር ልጨምር፤ ጥሩ ያልሆነ ውጤት ለሕዝብ የሚታየው ባለቤቱ ሲፈቅድ ብቻ ስለሆነ፣ ባዶ መዝገብ ያልተመረመረ ውሻ ወይም ውጤቱ የተደበቀ ውሻ ሊሆን ይችላል። ለገዢ ግን ሁለቱም ያው ናቸው።

«ቲካፕ» የሚባል ዝርያም ሆነ የመጠን ደረጃ የለም። የዮርክሻየር መስፈርት ከ7 ፓውንድ (3.2 ኪሎ ግራም ገደማ) አይበልጥም የሚል ብቻ ነው። ከዚያ በእጅጉ ያነሱት ብዙውን ጊዜ ከእኩዮቻቸው ወደ ኋላ የቀሩ ቡችሎች ናቸው። የደም ስኳራቸው በአንድ ያልተበላ ምግብ ምክንያት ሊወርድ ይችላል፤ ቡችላው መጀመሪያ ይፈዝዛል፣ ቀጥሎ እንደ ሰከረ ይንገዳገዳል፣ ካልተደረሰለትም ይንቀጠቀጣል። ማር ወይም የበቆሎ ሽሮፕ ድዱ ላይ እየቀባችሁ ቶሎ ወደ ክሊኒክ አምጡት ብለን ለባለቤቶች በስልክ የምንነግረው በእንዲህ ያለ ጊዜ ነው። ይህን አደጋ ሳይጠየቅ አስቀድሞ የሚያስረዳ አርቢ በእኔ ግምት ከፍ ያለ ነጥብ ያገኛል። አደጋውን ብርቅ ዕቃ አስመስሎ 1,200 ዶላር የሚጨምርበት ግን በተቃራኒው ነው።

መልስ፦ የካቫሊየር ባለቤት፣ ከለንደን

ባለሙያዋ በተናገሩት ላይ ስለ እናቲቱ ጥቂት ልጨምር። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2020 ጀምሮ ከስድስት ወር በታች የሆነ ቡችላ በሦስተኛ ወገን በኩል መሸጥ የተከለከለ ሲሆን፣ ገዢው ቡችላውን ከእናቱ ጋር በተወለደበት ቦታ ማየት አለበት። ሕጉ የተሰየመው እ.ኤ.አ. በ2013 በዌልስ ከሚገኝ አንድ የማራቢያ ስፍራ ነፃ በወጣችው ሉሲ በተባለች የካቫሊየር (የአንድ አነስተኛ ዝርያ) ውሻ ነው፤ ያለማቋረጥ እንድትወልድ ስትደረግ የኖረችው ይህች ውሻ ስትገኝ አከርካሪዋ ጎብጦ ነበር። እናንተ የምትኖሩበት ግዛት ይህንን ባያስገድድም እንኳ ገዢ በራሱ ላይ ሊያስገድደው ይችላል።

እናቲቱን ሲያዩ የሚያጠቡ ውሾች ምን እንደሚመስሉ ይወቁ። ጡቶቿ ተንጠልጥለው፣ ፀጉሯ ሳስቶና ሰውነቷ ትንሽ ከስቶ ሊታይ ይችላል፤ ይህ የሚያስደነግጥ አይደለም። የሚያስጠረጥረው ፀጉሯ እንደ ሐር እስከ መሬት የወረደ፣ ሆዷ የተሰበሰበ ውሻ አምጥተው «እናቲቱ ይህች ናት» ሲሉ ነው። ቡችሎቹ ወደ እርሷ ይሮጡ እንደሆነ፣ እርሷም ታሸታቸው ወይም ትገፋቸው እንደሆነ ይመልከቱ፤ የማታውቃቸው ከሆነ ያስታውቃል። አባትየው በቤቱ አለመኖሩ ግን ጥርጣሬ ሊያሳድርብዎ አይገባም፤ ጥንቃቄ የሚያደርጉ አርቢዎች ብዙ ጊዜ ከዘመድ ርቆ የሚኖር፣ ከሌላ ከተማ የመጣ ወንድ ይመርጣሉ።

የሚጠየቀው ምርመራም እንደ ዝርያው ይለያያል። በካቫሊየር የመጀመሪያው ጥያቄ የልብ ነው፤ የግራ ልባቸው ክፍል ቫልቭ ገና በወጣትነታቸው የመበላሸት ዝንባሌ አለው። ለዚህም ሲባል የወጣው መመሪያ ውሾቹ ከ2 ዓመት ተኩል በፊት እንዳይወልዱ፣ ወላጆቻቸውም 5 ዓመት ሲሞላቸው በልባቸው ላይ ያልተለመደ ድምፅ የሌለባቸው እንዲሆኑ ይመክራል። ስለዚህ በእኛ ዘንድ ጥሩ አርቢ የአያቶቹን የልብ ምርመራ ውጤት ጭምር ያሳያል። በኖርዌይ ነገሩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ፣ እ.ኤ.አ. በ2023 የካቫሊየር ማራባት የአገሪቱን የእንስሳት ደኅንነት ሕግ ይጥሳል ተብሎ ተወስኗል። ይህንን የማነሣው ለማስፈራራት አይደለም፤ ያንን ፍርድ ሰምቶ የማያውቅ የካቫሊየር አርቢ ካጋጠመዎት ሥራውን እየተከታተለ አይደለም ማለት ነው።

መልስ፦ አስተያየት ሰጪ፣ ከሚኒያፖሊስ

ለሁሉም አክብሮት አለኝ፤ ይሁን እንጂ ነገሩን ከመጠን በላይ እያከበዳችሁት ይመስለኛል። የእኔ ማልቲዝ ምንም ወረቀት ከሌላት ጎረቤቴ ውሻ የተወለደ ነው፤ ዛሬ ሰባት ዓመቱን ይዟል፣ ከጥርሱ በቀር ታሞ አያውቅም። ከዚህም ሌላ በመጠለያ ውስጥ ያሉ አነስተኛ ውሾች ሞልተው ሳለ ይህን ሁሉ ገንዘብ ማውጣት ለምን አስፈለገ?

መልስ፦ በትርፍ ጊዜዋ የምታራባ፣ ከአትላንታ

ወንድሜ፣ የእርስዎ ውሻ ጤነኛ መሆኑ ደስ ያሰኛል፤ ነገር ግን እድለኛ መሆን ሌላው ገዢ የሚከተለው ዘዴ ሊሆን አይችልም። መጠለያውን በሚመለከት እስማማለሁ። አንድ ሰው ዕድሜው የገፋ፣ ጠባዩ የታወቀ ትንሽ ውሻ ከመጠለያ ቢወስድ እንደ ጠያቂው እናት ላለ ሰው ከቡችላ ይልቅ ሊስማማ ይችላል። ጠያቂው ግን የጠየቁት ስለ አርቢ ስለሆነ ወደዚያው ልመለስ። እኔ ራሴ ዮርክሻየር አራባለሁና ከሻጭ ወገን የሚታየውን ልንገራችሁ።

አነስተኛ ውሻ በአንድ ጊዜ የምትወልደው ጥቂት ነው፤ አንዳንዴ ሁለት፣ አንዳንዴ አራት። የቡችሎቹ ጭንቅላት ከእናቲቱ የዳሌ አጥንት ጋር አልመጣጠን ሲል ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋል፤ ብዙ ጊዜ ደግሞ ምጡ የሚመጣው በሌሊት ስለሆነ የድንገተኛ ክሊኒክ ክፍያው የቡችሎቹን ዋጋ ጠራርጎ ይወስዳል። የተወለዱትን በየጊዜው በግራም ሚዛን መመዘን፣ ክብደት ያልጨመረውን ለይቶ በጠብታ መመገብ ግዴታ ነው። እንግዲህ በዓመቱ ውስጥ በፈለጋችሁት ወር፣ በሦስት ዝርያ፣ ወዲያው የሚወሰድ ቡችላ ያለው ሰው ይህን ሥራ በምን ጊዜው ይሠራዋል? እኔን ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝ የዝርያዎቹ ብዛት ነው። ሦስት ዝርያ የግድ ክፉ ነገር ነው አልልም፤ ግን ስንት እንስት ውሾች እንዳሏትና እያንዳንዷ በስንት ጊዜ እንደምትወልድ ይጠይቋት። ሰውየው ወይም ሴትዮዋ ያረጁ እናቶችን የት እንዳደረሱ መጠየቅም አይዘንጋ። መውለድ ካቆሙት መካከል አንዷ እንኳ ሶፋ ላይ ተኝታ ካልታየች መልሱን በጥሞና ያድምጡ።

እንግዳ አለማስገባቷን ብቻውን እንደ ጥፋት አልቆጥረውም። ፓርቮ የሚባለው ቡችሎችን የሚገድል ተላላፊ በሽታ በጫማ ሥር ይገባል፤ እኔም ቡችሎቹ ክትባት ሳይጀምሩ ሰው አላስገባም፤ ከጀመሩም በኋላ ጫማ አስወልቄ፣ እጅ አስታጥቤ ነው። ያም ቢሆን በቀጥታ የቪዲዮ ጥሪ እናቲቱን፣ የሚተኙበትን ቦታና ወለሉን አሳያለሁ። ቪዲዮውንም ቤቱንም ከልክላ በነዳጅ ማደያ ላስረክብ የምትል ግን የምትደብቀው ቦታውን ነው። በማታውቁት ሰው ስም ዜል ላይ ገንዘብ ልኮ መጠበቅ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ማለት ነው። ፎቶዎቹን በምስል መፈለጊያ ፈትሹ፤ አንድ ዓይነት ፎቶ በሌላ ከተማ በሌላ ስም ሲሸጥ የሚገኝበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

ዋስትናው ላይ ደግሞ ጥቃቅን ፊደሎቹን ያንብቡ። አርቢው የሚሸጠውን ቪታሚን በየወሩ ካልገዙ ዋስትናው ይፈርሳል የሚሉ ውሎች አይቻለሁ። ሌሎቹ ገንዘቡ የሚመለሰው ውሻው ከተመለሰ ብቻ ነው ይላሉ፤ ልጆቻችሁ ስም ካወጡለት በኋላ ማን ይመልሳል? ውሉን ያረቀቀው ሰው ይህንን ያውቃል። እኔ ውል ውስጥ የማስገባው ሌላ ነው፤ ባለቤቱ በማንኛውም ዕድሜ ውሻውን ማኖር ካቃተው ወደ መጠለያ ሳይሰጥ ለእኔ መመለስ አለበት። ይህን የሚጽፍ አርቢ ከአቅሙ በላይ አያራባም፤ የተመለሱት ሁሉ የሚገቡት እርሱ ቤት ነውና።

በመጨረሻም እርሷ ምን እንደጠየቀችዎት ልብ ይበሉ። ቀን ማን ቤት እንደሚውል፣ ደረጃው ምን ያህል እንደሆነ፣ ሕፃን መኖር አለመኖሩን፣ የፀጉር እንክብካቤውን ማን እንደሚሠራ ካልጠየቀች ቡችላው የት እንደሚገባ አላሳሰባትም። እኔ አራት ዓመት ያልሞላው ልጅ ላለበት ቤት አልሰጥም፤ በዚህ የተነሣ የተቀየሙኝ ዘመዶች አሉ። ቡችሎቼንም ከ12 ሳምንት በፊት አላስረክብም። ስምንት ሳምንት ለትልልቆቹ ዝርያዎች በቂ ሊሆን ይችላል፤ ለእነዚህ ግን ጠንካራ ምግብ በወጉ መብላታቸውን ማየት እፈልጋለሁ።

መልስ፦ ጠያቂው፣ የሲልቨር ስፕሪንግ ነዋሪ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። በምክራችሁ መሠረት አርቢዋን በጽሑፍ ጠየቅኳት። የአባትየውን የምዝገባ ስም ሰጠችኝ፤ በመዝገቡ ላይ ጉልበቱ ጤናማ ተብሎ ተመዝግቦ አገኘሁት፤ በመጨረሻውም «ቪ ፒ አይ» ይላል። የእናቲቱን ስም ስጠይቅ ግን «እርሷ የቤት ውሻ ስለሆነች አላስፈለገም» አለችኝ። የቪዲዮ ጥሪውን ሦስት ጊዜ ከቀጠረች በኋላ ቡችላውን በነጭ ፎጣ ላይ አስቀምጣ የተቀረጸ ቪዲዮ ላከችልኝ። ስንት እንስት ውሾች እንዳሏት ለጠየቅኩት መልስ አልሰጠችም። ሰኞ ሌላ ገዢ እንደሚመጣና ቀብዱን ዛሬ ካልላክሁ እንደሚያመልጠኝ ጽፋለች። እናቴ «ያምልጠን» ብላለች፤ ስለዚህ ትተነዋል።

ከዮርክሻየር ማኅበር የአርቢዎች ዝርዝር አግኝቼ በቨርጂኒያ ያለች አንዲት ሴት አነጋገርኩ። አሁን ቡችላ የላትም፤ እስከ መኸር እንድንጠብቅ፣ በዚህ መሃል መጥተን ውሾቿን እንድናይ ጋብዛናለች። የሁለቱን ወላጆች የጉልበትና የዐይን ምርመራ ቁጥር ሳልጠይቃት ላከችልኝ። ስለ እናቴ አረማመድ ብዙ ጠየቀችኝ፤ ትንሽ ውሻ እግር ሥር ሲገባ አረጋዊ ሊያደናቅፍ ስለሚችል አንገቱ ላይ ቃጭል እንድናስርለት መከረችን። የቀረኝ ጥያቄ አንድ ነው፤ ቡችላው ሲወለድ ከወላጆቹ ምርመራ ሌላ በራሱ ላይ ልጠይቀው የሚገባ ምርመራ አለ?

መልስ፦ የእንስሳት ክሊኒክ ባለሙያ፣ ከአሌክሳንድሪያ

አለ። በዮርክሻየርና በማልቲዝ ከአንጀት የሚመጣው ደም በጉበት ውስጥ ሳያልፍ በሌላ ሥር ዞሮ ወደ ሰውነት የሚመለስበት የተፈጥሮ ጉድለት ከሌሎች ዝርያዎች ይልቅ በብዛት ይታያል። እንዲህ ያለው ቡችላ ክብደት አይጨምርም፤ ከበላ በኋላ ይደነዝዛል፣ ግድግዳ ላይ ጭንቅላቱን የሚያስደግፍም አለ። በቀላሉ «ትንሽዬና ረጋ ያለ» ተብሎ የሚሸጠውም ይኸው ቡችላ ሊሆን ይችላል። ምርመራው የሐሞት አሲድን የሚለካ የደም ምርመራ ሲሆን፣ ደሙ ከምግብ በፊት አንድ ጊዜ፣ ከምግብ በኋላ ደግሞ ሁለት ሰዓት ቆይቶ ይወሰዳል። አርቢዋ ከማስረከቧ በፊት ታሠራ እንደሆነ ይጠይቋት፤ ካላሠራች ወጪውን እናንተ ችላችሁ ልታሠሩት እንደምትችሉ ይንገሯት።

ክትባቱን በሚመለከት የመጀመሪያው ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ ተሰጥቶ፣ እስከ 16 ሳምንት ድረስ በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ ስለሚደገም፣ የተሰጠበት ቀንና የብልቃጡ ተለጣፊ ያለበት ካርድ ይቀበሉ። የምታስረክብበት ቀን ሐሙስ ወይም ዓርብ እንዳይሆን ቢያመቻቹ መልካም ነው፤ ከአዲስ ቤት ጋር ሲላመድ ምግብ የሚተወው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ስለሆነ፣ ቅዳሜና እሑድ ሐኪምዎ ላይገኝ ይችላል። ቀብድ የምትጠይቅ ከሆነም በክሬዲት ካርድ ይክፈሉ፤ ደረሰኙ ላይ የእናቲቱ የምዝገባ ስም ይጻፍ።